ግራዝማች ደቅሲሳ በጀርባ እየመጡ ነው

አምስት ሰው አንድ ላይ ይሂድ ከተባለ አራቱ ይሄዳሉ። አምስተኛው «እናንተ ቅደሙ» ይላል። ይህ ሰው በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሠርጉና በየለቅሶው አለ። ሕዝቡ በዋናው መንገድ ሲጎርፍ እሱ አጥር ለአጥር ይሄዳል። ሁሉም የሚያውቀውን በር ትቶ ማንም የማያውቀውን ቀዳዳ ይፈልጋል። ሲዘገይም እሱ አልዘገየም፣ ሌላው ነው የቸኮለው። እናንተም አንድ ታውቃላችሁ። አላውቅም የሚል ካለ ራሱን ይጠርጥር።

የመቱ ከተማው ደቅሲሳ ይባላል። ሩዋይዳ ሰማን ይህን ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ችላዋለች።

የሩዋይዳ አባት ጋሼ ሰማን ቡና ነጋዴ ናቸው። ወደ መናኸሪያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ቤታቸው ፊቱ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ነው፤ ከኋላው ሰፊ ክፍል አለው። ሩዋይዳ ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ ስታጣ በዚያ ክፍል አሥር አሮጌ ኮምፒውተር በገመድ አያይዛ ጌም ቤት ከፈተች። ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ገመዱ የትም አይሄድም፤ መብራት እስካለ ድረስ አምስት ሰው በዚህ፣ አምስት ሰው በዚያ ተቀምጦ ሲታኮስ ይውላል።

ጨዋታው ለማያውቀው እንዲህ ነው። አንዱ ቡድን ፈንጂ ሊያጠምድ ይመጣል፣ ሌላው ይከላከላል። አንዱ ዙር ሁለት ደቂቃ አይሞላም። የሞተ ሰው እስከሚቀጥለው ዙር እጁን አጣጥፎ የሌላውን ስክሪን ከማየት በቀር ሥራ የለውም። ስለዚህ አብሮ መግባት፣ አንዱ ሲተኩስ ሌላው መሸፈን ያስፈልጋል። ማን የት እንደሚቆም የምትናገረው ሩዋይዳ ናት። አብደታ፣ አሜንና ማሙሽ የምትለውን ይሰማሉ። ደቅሲሳም ይሰማል፤ ራሱን እየነቀነቀ በጥሞና ይሰማል። ዙሩ ሲጀመር ግን አራቱ ወደ ቀኝ፣ እሱ ወደ ግራ።

«ዱባን ዱፋን ጂራ» ይላል ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ። «እናንተ ያዟቸው፣ እኔ በጀርባ እየመጣሁ ነው።» በኦሮምኛም በአማርኛም ይለዋል፤ በሁለቱም ቋንቋ አይደርስም።

ተጫዋቾች ይህን ሥራ ፍላንክ ይሉታል። ብቻውን ዞሮ ጠላትን ከኋላ የሚመታ ሰው በየቡድኑ አንድ ያስፈልጋል ይባላል። ያስፈልግ ይሆናል። የደቅሲሳ ችግር መዞሩ ላይ እንጂ መምታቱ ላይ አለመገኘቱ ነው። አራቱ የጠላት በር ላይ ደርሰው ጥይት ሲዘንብባቸው ሩዋይዳ የት ነህ ብላ ትጠይቀዋለች፤ ደርሻለሁ ይላል። በስልክ መጣሁ ብሎ ገና ፎጣ የሚፈልግ ሰው የምታውቁ ከሆነ ይህ ደርሻለሁ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። አሜን ይሞታል። ማሙሽ ይሞታል። አብደታ እየተሳደበ ይሞታል። ሩዋይዳ የመጨረሻውን ትእዛዟን ሳትጨርስ ትሞታለች። ከዚያ ደቅሲሳ በእግሩ ጫፍ እየሄደ፣ ኮቴው እንዳይሰማ እየተጠነቀቀ፣ ጠላት ሠራዊቱን ይዞ ከሄደ ብዙ ቆይቶ ከባዶ ሜዳ ጀርባ ብቅ ይላል።

ይህም ሆኖ ስሙን በክፉ ብታነሱ ይገርመዋል። «አንድ ደቂቃ ብትቆዩልኝ ኖሮ» ይላል። በእሱ ቤት ጥፋቱ የሞቱት ሰዎች ነው፤ ቸኩለው ሞተዋል። አንድ ጊዜ የዓመቱ የውጤት ሰንጠረዥ ሲወጣ ከቡድኑ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሞተው ደቅሲሳ ሆኖ ተገኘ። ውጊያው ሲካሄድ መንገድ ላይ የነበረ ሰው በምን ይሞታል? እሱ ግን ወረቀቱን ፊት ለፊት ባለው ፎቶ ኮፒ አሳትሞ፣ ላሚኔት አስደርጎ፣ ከኮምፒውተሩ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈው።

እውነት ለመናገር አንድ ጊዜ ደርሷል። በነሐሴ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ከኋላ ዞሮ አምስቱንም በተሰለፉበት ለቀማቸው። ያችን ቀን መቱ ውስጥ ያልሰማ የለም። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳይቀር፣ ሐዘንተኛው ገና እንባውን ሳይጠርግ፣ ደቅሲሳ አጠገቡ ላለው ሰው በክብሪት እንጨት ካርታውን እየሠራ አስረድቷል።

ማዕረጉን የሰጡት ጋሼ አራርሳ ናቸው። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር፣ የእድሩ ዳኛ ሲሆኑ፣ በየሳምንቱ የእድሩን ማስታወቂያ ሊያባዙ ይመጣሉ። አንድ ቀን ወረቀታቸው እስኪደርስ ከወንበሮቹ ኋላ መነጽራቸውን አስተካክለው ቆሙና፣ ያ ልጅ ለምን ለብቻው ይሄዳል ብለው ጠየቁ። ሩዋይዳ አስረዳቻቸው። በዱሮው ጦር ፊት የሚቀድመው ፊታውራሪ፣ በቀኝ ክንፍ የሚሄደው ቀኝአዝማች፣ በግራ የሚሄደው ግራዝማች ይባል ነበር አሉ፤ ይህ ልጅ ግራዝማች ነው። ዙሩ እስኪያልቅ ጠበቁ። ሲያልቅ ማስታወቂያቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ የዱሮዎቹ ግን ይደርሱ ነበር ብለው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደቅሲሳ አንቱ ሆነ። ግራዝማች የት ደረሱ? ግራዝማች እየመጡ ነው። ግራዝማች እንዳይደክሙ ውሃ ይላክላቸው። እሱ ይህን ሁሉ በምስጋና ይቀበላል፤ ሽሙጥም እሱ ዘንድ ለመድረስ መዞር አለበት።

ይህ ሰው በሥራው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ቀያሽ። ቀኑን ሙሉ ሜትር ዘርግቶ ለሰው ቀጥ ያለ መስመር ያወጣል፤ ለራሱ አንድም አልተረፈውም። አንድ ጊዜ ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር ወደ ዳሪሙ ገጠር ለልኬታ ወጣ። ሦስቱ ሰው በሄደበት የእግር መንገድ ሄዱ። ደቅሲሳ አቋራጭ አውቃለሁ ብሎ ቁልቁል ወረደ፤ መለኪያው እሱ ትከሻ ላይ ነበር። ገበሬዎቹና ሦስቱ ባልደረቦች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ዋሉ። እሱ በማግስቱ ረፋድ ላይ ከማይጠበቅበት ተራራ ወርዶ ደረሰ፤ በአንድ እጁ የዘይቱን ፍሬ በፌስታል ይዞ፣ መንገድ ላይ ስላገኛቸው ደጋግ ሰዎች እያወራ። ሠርግ ሲጠራ በወጥ ቤት በኩል ይገባል፤ ይህን ግን ሰው አይቃወመውም፣ አንዳንዶች እንዲያውም ይከተሉታል።

ጋሼ ሰማንም በደንብ ያውቁታል። ኖፓ አጠገብ ያለችውን የቡና መሬታቸውን ሊለካ ሲመጣ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ምሳ አዘጋጅተው፣ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁት። እሱ በታች በኩል በጎረቤት ቡና ውስጥ ሰንጥቆ ገባ። ጎረቤቱ እንግዳ አገኘሁ ብሎ አበላው፤ ችካሉ ከዚያ በኩል መተከል ሲጀምር ደግሞ መሬቱ ለእኔ እየተለካልኝ ነው ብሎ አመነ። ክርክሩ ሁለት ወር ፈጀ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ሰማን ስሙን ጠርተው አያውቁም፣ «ያ በሩን የማያውቀው ልጅ» ነው የሚሉት።

እንግዲህ በዚህ ጥቅምት ቡናው ቀላ። ጋሼ ሰማን የሚከራዩት መጋዘን ጣሪያው ያፈስ ጀመር፣ ሳይፈለፈል የደረቀው ቡና፣ ጀንፈሉ፣ የሚገባበት ደረቅ ቤት ጠፋ። አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ለልጃቸው ከሰኞ ጀምሮ ኮምፒውተሮቹን ሰብስቢ፣ የኋላው ክፍል ቡና ይገባበታል አሏት።

ለሌላ ሰው ይህ አንድ ክፍል ነው። ለሩዋይዳ ግን በመላው መቱ ቀኝ ስትል ሰው ቀኝ የሚሄድላት፣ ቁሙ ስትል የሚቆምላት ብቸኛ ቦታ ነበር። ዲግሪዋን ይዛ ያንኳኳቻቸው መሥሪያ ቤቶች አንዱም አልሰማትም። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ሰው ይሰማታል። ያ ከሄደ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ተቀምጣ የሰው መታወቂያ ስታባዛ ልታረጅ እንደሆነ ታያት፣ ፈራችም።

አባቷን ፊት ለፊት ሦስት ጊዜ ሄደችባቸው። አንዴ በቁርስ፣ አንዴ ከገበያ ሲመለሱ፣ አንዴ የቡና ሚዛን ሲያስተካክሉ። ሦስቴም መልሳቸው አንድ ነበር፤ ቡና ዝናብ አይችልም። ስለዚህ የመጨረሻውን አቀደች። ቅዳሜ የጎሬን ቡድን ትጋብዛለች፤ አባቷ ከአሱር ሶላት በኋላ መጥተው ያያሉ። ጨዋ ወጣቶች፣ ሥርዓት ያለው ጨዋታ፣ ልጃቸው ስታዝ። ካዩ ይራራሉ። እየተነጫነጩም ቢሆን እሺ፣ እመጣለሁ አሉ።

እቅዱን ለቡድኑ ስትነግር ደቅሲሳ እጁን አነሳ፤ አባትሽን በጀርባ ብንሄድባቸውስ አለ። ሩዋይዳ በዚህ ጊዜ ትዕግሥቷ አለቀ። አንድ ቀን፣ በሕይወትህ አንድ ቀን ከሰው ጋር በበሩ ግባ አለችው። እሺ አለ። ደቅሲሳ እሺ ሲል ዓይኑ ሁልጊዜ ሌላ በር ላይ ነው፤ እሷ ግን ያን ቀን አላየችውም።

ቅዳሜ የጎሬ ልጆች አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው በሚኒባስ መጡ። ጎሬ የጠቅላይ ግዛት ከተማ እንደነበረች አትረሳም፣ መቱም የወሰደችውን መልሳ አልሰጠችም፤ ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል ተራ ጨዋታ የሚባል የለም። አለቃቸው ኢማድ ነው፣ ዝምተኛ የስልክ ጠጋኝ። የአንዱ ቡድን ስክሪን ለሌላው እንዳይታይ ክፍሉ መሐል ላይ አቡጀዲ ተጋርዷል። ሩዋይዳ ከጎረቤት የተዋሰችውን ባለመደገፊያ ወንበር ለአባቷ በር አጠገብ አስቀመጠች። ሰባት ዙር ቀድሞ ያሸነፈ ያሸንፋል ተባለ።

ደቅሲሳ ቃሉን ጠበቀ። ተአምር ነው፤ ከአራቱ ጋር ቀጥ ብሎ ሄደ። ውጤቱ ግን መዓት ሆነ። በሰው መሐል መሄድ ስለማያውቅ በሩ ላይ ተገትሮ አሜንን ዘጋበት፣ ማሙሽን ገፋው፣ አብደታ ሊተኩስ ሲል ፊቱ ቆመ። አምስቱ አንድ በር ላይ ተጣብቀው አለቁ። አምስት ዙር ሲያልቅ ጎሬ አራት፣ መቱ አንድ። የአባቷ ወንበር ባዶ ነበር፣ አሱር ካለፈ ቆይቷል። ደቅሲሳ በዚህ መሐል ስልኩን አየት አደረገና ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብሎ ወጣ።

አልተመለሰም። ሩዋይዳ መጠበቅ ስላልቻለች በአራት ሰው ቀጠለች። የእሱ ሰውዬ ስክሪኑ ላይ መነሻው ቦታ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሞ ቀረ። ከመጋረጃው ማዶ የኢማድ ድምፅ ተሰማ።

«ግራዝማቹን ያየው አለ? ሁለት ሰው ወደኋላ ይቅር፣ ጀርባችንን ጠብቁ።»

ሁለት ሰው ቀረ። የሌለ ሰው ይጠብቁ ጀመር። አራቱ ሦስቱን ገጥመው አሸነፉ። በሚቀጥለውም ዙር ሁለት ሰው ጀርባ ጠበቀ፣ አራቱ አሸነፉ። በሚቀጥለውም። አራት ለአራት ሆነ። ሩዋይዳ ያ ሦስት ዓመት ሙሉ አልደረሰም ብላ የረገመችው ሰው ይህን ሁሉ ጊዜ በየዙሩ ሰው እያስቀረላት እንደነበር ገባት። ደስ አላላትም። ሰው ሲሳደብ ኖሮ ተሳስቼ ነበር ማለት ደስ አይልም።

ከዚያ አንዱ የጎሬ ልጅ ሊሰልል ወጥቶ ሰውዬውን ግድግዳ ሲያይ አገኘው። ግራዝማች ተኝተዋል ብሎ ጮኸ፣ ከመጋረጃው ማዶ ሳቅ ሆነ። ከዚያ በኋላ አምስቱም አንድ ላይ መጡ። ሰባት ለአራት አለቀ። የጎሬ ልጆች ሻይ ጠጥተው፣ ሁሉንም በየተራ ጨብጠው ሄዱ። አብደታ ባዶዎቹን ሁለት ወንበሮች አየና፣ ላሚኔት የተደረገውን ወረቀት ከግድግዳው ላይ ገንጥሎ ጠረጴዛ ላይ በፊቱ ደፋው። ሩዋይዳ አልከለከለችውም። ክፍሉን ቆልፋ እዚያው ግቢ ውስጥ ወዳለው መኖሪያ ቤታቸው ስትሄድ ማልቀስ አማራት፣ ከማልቀሱ በፊት ግን ደቅሲሳን ማግኘት ፈለገች።

ቤታቸው በር ላይ ሦስት ጥንድ የሽማግሌ ጫማ ተደርድሯል። አጠገቡ የጋሼ አራርሳ ከዘራ ቆሟል። ሽማግሌ በተቀመጠበት ሳሎን የቤት ልጅ አቋርጣ አትገባም፤ ስለዚህ ሩዋይዳ ዞረች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ቤት በጓሮ ገባች። በወጥ ቤቱ በር ላይ አክስቷ እትዬ ዘህራ ሽንኩርት ይልጣሉ። አጠገባቸው፣ ሳጥን ላይ፣ ሻይ በእጁ፣ ሜትር በጉልበቱ ላይ፣ ግራዝማች ደቅሲሳ ተቀምጠዋል። ልትጮህበት አፏን ስትከፍት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። እትዬ ዘህራም በቢላዋቸው ወደ ሳሎኑ መጋረጃ አመለከቷት።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ቆመዋል። አንዱ ጋሼ አራርሳ፣ አንዱ የመስጊዱ ሽማግሌ፣ አንዱ የጋሼ ሰማን የቆየ የንግድ ባልንጀራ። ተቀመጡ ሲባሉ፣ ፈቃድ ሳናገኝ አንቀመጥም ብለዋል። ያላገባች ልጅ ያለው አባት ይህን ሲሰማ ለምን እንደመጡ አይጠይቅም። የጋሼ ሰማን ድምፅ ቀጥኖ ነበር።

ጋሼ አራርሳ እንደ ወጉ ከሩቅ ጀመሩ። ከቤትዎ አንድ ነገር ፈልገን ነው፣ ያለ እርስዎ ፈቃድ የማይሆን ነው አሉ። ልጆቹ ተግባብተው ሦስት ዓመት ኖረዋል አሉ። ጋሼ ሰማን ሦስት ዓመት ብለው ደገሙ። እዚሁ ከቤትዎ ኋላ፣ በየቀኑ፣ እንዳይለያዩ ብለን ነው አሉ ጋሼ አራርሳ። ጋሼ ሰማን ወንበር ፈልገው ብቻቸውን ተቀመጡ።

«ማነው የላካችሁ?»

«ደቅሲሳ ነው።»

«ያ በሩን የማያውቀው?»

ከዚያ ጋሼ ሰማን የተናገሩት ረጅም ነው። ልጄ የተማረች ናት፣ የልጁ ሃይማኖት ሌላ ነው፣ በሰው ቡና ውስጥ ሰንጥቆ የመጣ ሰው ነገ በመስኮት ይገባብኛል፣ እናንተንም አከብራለሁ ግን ይህን አትጠይቁኝ አሉ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጋሼ አራርሳ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አቶ ሰማን፣ እኛ የመጣነው ለክፍሉ ነው።»

«የምን ክፍል?»

«ኮምፒውተሮቹ ላሉበት። ልጆቹ እንዳይበተኑ ይተዉላቸው ልንል ነው።»

«ክፍሉን ብቻ?»

«ክፍሉን ብቻ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ጋሼ ሰማን፣ ጎረቤት እስኪሰማ። «ክፍል ነው እንዴ! ውሰዱት፣ ውሰዱት። ተቀመጡ።»

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ቡናው የት ይግባ የሚለው ለጋሼ ሰማን የታሰባቸው ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው፤ በሽማግሌ ፊት የወጣ ቃል ደግሞ አይመለስም። ጋሼ አራርሳ ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ጓሮው ላይ የሚቆም የቆርቆሮ መጋዘን ንድፍ ነው፣ ስድስት በስምንት፣ ከግንቡ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ሳይቀር ተጽፎበታል። ደቅሲሳ ከሁለት ቀን በፊት፣ ጋሼ ሰማን ገበያ ሲወጡ፣ እትዬ ዘህራን አስፈቅዶ በጓሮ በር ገብቶ ለክቶት ነበር።

ሩዋይዳ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆማ ቀረች። ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ከደስታው በታች ደግሞ አንድ ትንሽ ቅሬታ ነበረች። አባቷ ያን ያህል ድምፅ አውጥተው ማመስገን ነበረባቸው? ደቅሲሳስ ይህ ሁሉ ሲባል እየሰማ ሻዩን እንዲህ ተረጋግቶ መጠጣት ነበረበት?

«አባቴ ሽማግሌዎቹ ለጋብቻ የመጡ እንደሚመስላቸው አውቀህ ነበር?» አለችው።

«አንቺ ፊት ለፊት ሦስት ጊዜ ሄደሻል» አለ ደቅሲሳ። «ስንት ጊዜ ሞትሽ?»

«ሦስት።»

ብርጭቆውን አስቀመጠና ጨዋታው እንዴት ሆነ ብሎ ጠየቃት። በአንተ ምክንያት ሰባት ለአራት ተሸነፍን አለችው። ትንሽ አሰበና፣ ጀርባ የሚጠብቅ ሰው አስቀርተው ነበር ወይ አለ። ሩዋይዳ የእትዬ ዘህራን ሽንኩርት ማንሳት ጀመረች። ስንት ሰው አስቀሩ ብሎ ደገመ። ሁለት አለችው፣ ወደ ሽንኩርቱ እያየች። ያችን ሁለት መናገሯን እስከ ዛሬ ትጸጸታለች፤ ከዚያ ወዲህ በየለቅሶ ድንኳኑ የሚወራው የነሐሴው ታሪክ ቀርቶ፣ ደቅሲሳ ሳይኖር ሁለት ሰው የያዘበት ታሪክ ነው።

ሰኞ ክፍሉ ተከፈተ። ጓሮው ላይ ቆርቆሮ እየተመታ ነው። ላሚኔቱ ወደ ግድግዳው ተመልሷል፤ ማን እንደመለሰው አብደታ ሲጠይቅ ሩዋይዳ ኮምፒውተሮቹን ታበራ ጀመር። የመጀመሪያው ዙር ተጀመረ፣ አራቱ ወደ ቀኝ ሄዱ፣ አንዱ ወደ ግራ። በአርባ ሰከንድ ውስጥ አራቱም ሞቱ። ሩዋይዳ ወንበሯን ስባ የደቅሲሳን ስክሪን ታይ ጀመር። በጠባቡ መንገድ በእግሩ ጫፍ እየሄደ ነው፣ እንደ ሁልጊዜው ማንም በሌለበት። አብደታ አይደርስም አለ። ይደርሳል አለች።

አልደረሰም። ሰዓቱ አለቀ፣ ሁለተኛው ዙር ተጀመረ። ደቅሲሳ የተለመደውን ሊል አፉን ሲከፍት ሩዋይዳ ማዳመጫዋን አስተካክላ ቀደመችው።

«እናንተ ያዟቸው» አለች። «ግራዝማች በጀርባ እየመጡ ነው።»